ላሟን ቆጠራችሁ፤ ጥጃዋስ?



አዲስ ቤት ለገባ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ብለን እንመርቃለን። «ሰንጋ እሰሩ» አንልም፤ «መቶ ከብት ቁጠሩ»ም አንልም። ትናንት የተወለደች፣ እግሯ ገና ያልጸና እንቦሳ ካለች እናቷ አለች፣ ወተት አለ፣ የከርሞም ተስፋ አለ ማለት ነው። ከብት የሚቆጠረው ከጥጃው ጀምሮ እንደሆነ ፊደል ያልቆጠሩት እናቶቻችን ያውቁ ነበር። የረሳነው እኛ የተማርነው ነን።

መድረክ ላይ የሚነገረን ሌላ ቁጥር ነው። «በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ነን።» ይጨበጨባል። 2005 ዓ.ም. ላይ 54 ሚሊዮን ገደማ ነበርን፤ 2010 ላይ 60 ሚሊዮን አለፍን፤ 2013 ላይ 70 ሚሊዮን ደረስን ተባልን። ደስ ይላል። ግን ይህን ያህል ከብት ያላት አገር ልጆች ወተት የሚያዩት ስንት ቀን ነው? በፋሲካ ሰሞን ለቅርጫ አሥር ሆነን ያዋጣነው ገንዘብ አንድ በሬ አልገዛ ያለን ለምንድን ነው? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስላል።

ይህን የምንለው ከያቤሎ እስከ ሞያሌ ባለው መስመር ከብት የምንገዛና የምንሸጥ ነጋዴዎች ነን። ብዙዎቻችን ሴቶች ነን። በወተትና በቅቤ ጀምረን፣ ጥቂት ፍየል አክለን፣ ከዚያ ነው ወደ ከብቱ የገባነው። ወተት የጀመረ ሰው ጥጃን አይረሳም፤ ጥጃ የሌላት ላም ወተት አትሰጥማ። ስለዚህ ክሳችንን በግልጽ እናስቀምጥ፦ በድምር ቁጥር የሚኮራ መንግሥትም፣ ያገኘውን ሁሉ የሚገዛ ነጋዴም አገሪቱን ከብት የሚያሳጣ ሥራ እየሠሩ ነው። ከነጋዴው ውስጥ እኛም አለንበት።

ዲፕሎማ ስንማር የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የተማርነው የክምችት ሂሳብ ነበር። ዓመቱ ሲጀምር መጋዘን ውስጥ የነበረው ዕቃ፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው፣ እኩል ይሆናል ዓመቱ ሲያልቅ የቀረው። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ዜሮ ነበር የሚያገኘው። መምህራችን «መሐሉ የታል?» ይሉ ነበር። ለከብትም ሂሳቡ ያው ነው። የነበረው፣ ሲደመር የተወለደው፣ ሲቀነስ የሞተው፣ የታረደውና የተሸጠው። መሐሉን ያላሳየ ሰው መጨረሻውን አያውቀውም።

በአምስት ዓመት 6 ሚሊዮን የጨመረ መንጋ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት 10 ሚሊዮን ሲጨምር የሂሳብ ሰው መጠየቅ አለበት። ላሞቹ በየዓመቱ መውለድ ጀመሩ? የጥጃ ሞት ቀነሰ? ወይስ አቆጣጠሩ ተለወጠ? ቁጥሩ ውሸት ነው አላልንም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ውስጥ እኮ ስንት እንደተወለደ፣ ስንት እንደሞተ፣ ስንት እንደተሸጠ የሚያሳዩ ሠንጠረዦች አሉ። ባለሙያዎቹ ለፍተው ያወጡታል። መድረክ ላይ ሲደርስ ግን የሚነበበው ድምሩ ብቻ ነው። ለጭብጨባ የሚመቸው እሱ ነዋ።

ድምሩስ ቢሆን እንዴት ነው የሚገኘው? ተቆጥሮ አይደለም፤ በናሙና ተገምቶ ነው። ያ የናሙና ጥናት ለብዙ ዓመታት በአፋር ሦስት ዞኖችና በሶማሌ ክልል ስድስት ዞኖች ያለውን ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር አይጨምርም ነበር። ኑሮው በሙሉ ከብት የሆነው ሰው ከከብት ቆጠራው ውጭ ነበር ማለት ነው። ጎረቤቶቻችንንም እንይ። ኬንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ሕዝቧን ስትቆጥር በየቤቱ ከብቱንም ጠየቀች፤ 17 ሚሊዮን ተኩል ገደማ አገኘች፤ ከዚያ በፊት በግምት ሲነገር ከነበረው በብዙ የሚበልጥ ሆነ። ሱዳን ደግሞ ከ1975/76 እ.ኤ.አ. ቆጠራ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ስትኖር የኖረችው በዚያው አሮጌ ቁጥር ላይ በየዓመቱ የዕድገት መቶኛ እየደመረች ነው። በመቶኛ የተደመረ ከብት ደግሞ ድርቅ አይነካውም፤ አይጠማውም፤ አይሞትም።

ብዛት ብቻውን የትም እንደማያደርስ ከፈለጋችሁ ማስረጃው ቅርብ ነው። ኬንያ ከእኛ በብዙ ያነሰ ከብት ይዛ ከአንድ ላም የምታገኘው ወተት ከእኛ ይበልጣል። ከብቷ ከእኛ በብዙ አሥር እጥፍ የሚያንሰው ቦትስዋና ለአውሮፓ ገበያ ሥጋ ስትሸጥ አሥርት ዓመታት አስቆጥራለች። የእኛ አገር ላም በአማካይ በቀን የምትሰጠው 1 ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ እሱንም ለሰባት ወር ያህል። ከመንጋው 100 እጅ 44ቱ ወንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው የእርሻ በሬ ነው። በሬው አገር ይመግባልና አንነቅፈውም። ግን አይወልድም። ሴት ከሆኑትም ውስጥ ሕፃን ጥጃዋ፣ ጊደሯ፣ ያረጀችውና መሲናዋ ሲቀነሱ በትክክል የምትወልደው ስንት እንደምትቀር አስቡት።

አሁን ወደ አንድ ሰው በረት እንግባ። ለምሳሌ ያህል 20 ላም ያለው አርብቶ አደር እንውሰድ። የአገራችን ላም መጀመሪያ የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የምትወልደው። ስለዚህ ከ20ው ላም በዓመት 10 ጥጃ ይገኛል እንበል። ሁለቱ ዓመት ሳይሞላቸው ቢሞቱ 8 ይቀራሉ፤ አራት ሴት፣ አራት ወንድ። አንዲት ላም ስምንት ዓመት ያህል ብትወልድ ከ20ው ውስጥ በየዓመቱ ሁለት ሦስቱ በእርጅና ይወጣሉ። አንዷን በሽታ ወይም ጥማት ይወስዳታል። በላሞቹ ቦታ የሚተኩት እነዚያ አራት ጊደሮች ናቸው። ልክ ልኩን ነው፤ ትርፍ የለም።

የንግድ ሰው ይህን ሲያይ አራቱ ወይፈኖች ትርፍ፣ አራቱ ጊደሮች ግን ዋና ገንዘብ መሆናቸው ሊገባው ይገባል። ወይፈኑን ብንገዛው፣ አዳማ አካባቢ ያሉ አድላቢዎች ቢያደልቡት፣ ወደ ዓረብ አገር ቢላክ ማንም አይጎዳም። አርብቶ አደሩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጊደሮቹን ስንገዛ ግን ሱቁ ውስጥ ካለው ዕቃ ጋር መደርደሪያውንም እየሸጥን ነው። ካፒታሉን የሚበላ ነጋዴ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችንም ከየሰፈራችን አይተናል።

ያንኑ በረት ገልብጠን እንየው። ከ20ው ላም በ10 ፋንታ 12 ቢወልዱ፣ ከጥጆቹ በሁለት ፋንታ አንድ ብቻ ቢሞት፣ 11 ጥጃ ይተርፋል። ከ8 ወደ 11! አንድ ላም ሳንጨምር ከሲሶ በላይ ብልጫ። ይህ በየትኛውም የቆዳ ስፋትና የቀንድ ብዛት የማይገኝ ሀብት ነው።

ታዲያ ጥጃው የት ነው የሚጠፋው? ሁላችንም እናውቀዋለን። አንደኛ፣ ከእንገሩ ላይ። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሚጠባው እንገር ለጥጃው ክትባቱ ነው። በብዙ ቤት ግን ገና ጥጃው ሳይጠግብ እንገሩ ለሰው ይጋገራል፤ ጥጃው በሁለተኛው ሳምንት ሲያስቀምጠው «ዓይነ ጥላ ነው» ይባላል። ሁለተኛ፣ አንድ ሊትር ተኩል ወተት ላይ ልጅና ጥጃ ይሻማሉ። ልጁን ማንም አይነፍገውም፤ እኛም እናቶች ነን። የሚጎድለው ላሟ ለሁለቱም እንድትበቃ የምትበላው ነው። ሦስተኛ፣ ሣሩ ላይ። በቦረና ለጥጆችና ለደካማ ከብት ብቻ የሚከለል «ካሎ» የሚባል የግጦሽ ቦታ አለ፤ ሣር አጭደው ለጥጃ የሚያመጡትም ሴቶች ናቸው። ካሎው ሲታረስ፣ ውኃው ሲርቅ፣ ሴትየዋ ሙሉ ቀን ጀሪካን ይዛ ስትሄድ፣ ለጥጃ የሚታጨደው ሣር ይቀራል። ለዚህ ሥራ ደሞዝ የለም፤ በጀት የለም፤ በሪፖርትም አይገባም። ስለዚህ ሲቀርም ማንም አያየውም።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። በኢትዮጵያ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ የቤት እንስሳት አለቁ። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ያየነውን በድን፣ ያሸተትነውን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳነውም። የሞቱት ተነገረ፤ በቴሌቪዥን ታየ። ያልተነገረው ያልተወለዱት ናቸው። የተራበች ላም አታረግዝም፤ ብታረግዝም ትጨነግፋለች፤ ብትወልድም ጡቷ ደረቅ ነው። በ2014 መወለድ የነበረባት ሴት ጥጃ ዘንድሮ፣ በ2018፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን መውለድ ነበረባት። በዚያው ዓመት መወለድ የነበረበት ወይፈን ዘንድሮ ወይ ከርሞ ለገበያ መድረስ ነበረበት። ዱብሉቅና ሀሮበኬ ገበያ ቆመን «ዘንድሮ ከብቱ የት ገባ?» እያልን ለምንጠያየቅ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። የትም አልገባም፤ አልተወለደም።

አሁን ስለ ራሳችን። በዚያው በ2014 መጨረሻ ከቦረና ገበያዎች ላም በፍየል ዋጋ ስንገዛ ነበር። አንድ ቀን 18 ላም በሁለት አይሱዙ ጫንን። ሌሊቱን ስንጓዝ፣ ሐዋሳ ሳንደርስ፣ አንዷ መኪናው ላይ ወለደች። ረዳቱ እንቦሳዋን ከሌሎቹ እግር ሥር አውጥቶ በጆንያ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ አስገባት። ሲነጋ ሞታ ነበር። እናትየዋ ስትወርድ ዞር ዞር እያለች ታምባርቅ ነበር፤ እኛ ግን ለማስረከብ እንቸኩል ነበር። ማታ ደብተራችንን ስንዘጋ የተገዛ 18፣ የተሸጠ 18፣ ሂሳቡ ልክ ገባ። እንቦሳዋ በየትኛውም መስመር ላይ አልነበረችም። የአገሪቱ ደብተርም እንዲሁ ነው የሚዘጋው ስንል ከራሳችን ደብተር ተነሥተን ነው።

«ባንገዛት ትሞት ነበር» የሚል ነጋዴ እንዳለ እናውቃለን፤ እኛም ያን ሌሊት የተጽናናነው በዚህ ነው። ከፊሉ እውነት ነው። መኖ ያጣ ሰው ላሙ ከምትሞትበት ሽጦ ለልጆቹ እህል ቢገዛ ማን ይፈርድበታል? አንገዛም ብንል ጉዳቱ በእሱ ላይ ይብሳል። ነገር ግን ጥያቄው መቼ ገዛን፣ ምን ገዛን ነው። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ እዚሁ ሞያሌ ወረዳ መንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሁለት ነጋዴዎችን በመጠነኛ ብድር ደግፈው ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ከብት ተገዝቷል። ከ5 ሺህ በላይ ቤተሰቦች ከዚህ ገንዘብ አግኝተዋል፤ ከገንዘቡም ከፊሉን ለቀሩት ከብቶች አዋሉት። በ2000 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ በዚሁ ወረዳ የተመረጡ ላሞችን በመኖ ማቆየት ሞታቸውን እንደሚቀንስ ታይቷል። ስለዚህ መንገዱ አለ፤ ተሞክሯል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲከሽፍ፣ ከብቱ ሥጋ ሳይጥል፣ ወይፈኑንና መሲናዋን በደህና ዋጋ መግዛት፤ በዚያ ገንዘብ ጊደሯንና ላሟን በመኖ ማቆየት። በጊዜ የገዛ ነጋዴ አዳኝ ነው። ከብቱ እስኪወድቅ ጠብቆ እርጉዟን በፍየል ዋጋ የሚወስድ ግን፣ እኛንም ጨምሮ፣ የሰው ቤት ሲቃጠል በሩን ነቅሎ እንደሚሄድ ነው።

ከወዲያ ማዶ ያላችሁ የኬንያ ወንድሞቻችንም «ይህ የኢትዮጵያ ጉዳይ ነው» እንዳትሉ። ድንበሩን ከብቱ አያውቀውም። ዝናቡ ወዲህ ሲዘንብ ወዲህ፣ ወዲያ ሲዘንብ ወዲያ ይሄዳል፤ ሁለታችሁም አገሮች ትቆጥሩታላችሁ፣ ወይም ሁለታችሁም ትዘሉታላችሁ። ወዲህ ጊደር ካለቀ ወዲያም የምትጭኑት ወይፈን አይኖርም።

ባለሥልጣናቱንም አንድ ነገር እናስታውሳቸው። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተት እንዳትከለክል የጥጃዋን ቆዳ ጭድ ሞልተው ፊቷ ያቆሙላታል። እየላሰችው ወተቷን ትለቃለች። ላሟን ለጥቂት ጊዜ ያታልላታል፤ ጭዱ ግን አድጎ ላም አይሆንም። «ከአፍሪካ አንደኛ» የሚለው ቁጥር ለእኛ እንደዚያ ነው የሆነብን። የሌማት ትሩፋት ከ2015 ጀምሮ ወተቱ ይጨምር፣ ዝርያው ይሻሻል ሲል ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የተሻሻለ ዝርያ ጥጃም ቢሆን እንገር ካላገኘ ይሞታል፤ እንዲያውም ከአገሩ ጥጃ ቀድሞ ይሞታል። ከማዳቀሉ ቁጥር ጋር የተረፈውን ጥጃ ቁጥር አብራችሁ ንገሩን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የከብት ብዛት በተነገረበት መድረክ ሁሉ ሦስት ቁጥሮች አብረው ይነገሩ፦ በዓመቱ ከመቶ ላም ስንቷ ወለደች፣ ከተወለደው ስንቱ ዓመት ሞላው፣ ስንት ጊደርና የምትወልድ ላም ለዕርድ ተሸጠች። ሦስተኛው ከባድ አይደለም። ገበያ ስንገባ በየከብቱ እንከፍላለን፤ ካርኔ ይቆረጥልናል። እስከ ዛሬ የያዝናቸው ካርኔዎች ላይ የሚጻፈው «ከብት» ብቻ ነው። ወንድ ወይም ሴት፣ ጥርሷ ታይቶ ጊደር ወይም ላም ብሎ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። ብድርም የሚከፈት ከሆነ በድን ሲታይ ሳይሆን የመጀመሪያው ዝናብ በከሸፈ ወር ይከፈት።

ሌላውን ከመጠየቃችን በፊት ግን እኛ ለራሳችን የያዝነው ቃል አለ። በእኛ መስመር የምንሠራ ጥቂት ነጋዴዎች ጊደርና እርጉዝ ላም ለቄራ ላንገዛ ተስማምተናል። ባለቤቱ ተቸግሮ ሊሸጥ ከመጣ፣ መኖና ውኃ ላለው አርቢ እናገናኘዋለን፤ ኮሚሽናችን ያንስ እንደሆነ እንጂ ጊደሯ በረት ውስጥ ትቆያለች። ከመጫናችን በፊት የእንስሳት ሐኪም እናስመረምራለን። ደላሎቻችንንም ነግረናል። አንዳንዱ ሳቀብን። «እናንተ ብትተዉት ሌላው ይገዛዋል» አለን። ልክ ነው፣ ይገዛዋል። ለዚህ ነው ይህን ለእናንተም የምንለው። እኛ ሦስት አራት ሰዎች ሆነን ጊደር ማዳን አንችልም። የመስመሩ ነጋዴ ግማሹ እንኳ ቢቆም ግን የጊደር ዋጋ ለቄራ ሳይሆን ለአርቢ ይወሰናል።

ደብተራችንንም ለውጠናል። ከተገዛውና ከተሸጠው ቀጥሎ ሦስተኛ ዓምድ አለው፦ «ጥጃ»። እስካሁን አብዛኛው ገጽ ላይ ባዶ ነው። ባዶውን ማየት ራሱ ከዚያ ልክ ከገባው ሂሳባችን ይሻላል።

እንቦሳ እሰሩ።